ሳንቲም የሚበላው ሰዓት

መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አንድ ሕንጻ ሦስት ጊዜ መዞር የዛሬ ችግር ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴዎች በዚሁ ነገር ተማርረው ነበር። መሃል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸውን መንገድ ዳር ያቆማሉ፤ እስከ ማታ ንቅንቅ የለም። ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ቦታ ያጣና ተመልሶ ይሄዳል። ፖሊስ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረገ የቆየውን መኪና ይከታተል ነበር። ምልክቱን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት ምን ይከብዳል?

መላውን ያመጣው ካርል ማጊ መሐንዲስ አልነበረም፤ ጠበቃና ጋዜጠኛ እንጂ። ቀደም ሲል የቲፖት ዶምን የነዳጅ ቅሌት ካጋለጡት አንዱ ነው። በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት የትራፊክ ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ ሐሳቡን ለኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ የምህንድስና ተማሪዎች በውድድር መልክ አቀረበ። በመጨረሻ የሚሠራውን መሣሪያ የነደፉት ፕሮፌሰር ሆልገር ቱሰንና ጄራልድ ሄል ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ቀላልነቱ ነው። ኤሌክትሪክ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፤ ብረት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ፣ በስፕሪንግ የሚሄድ ሰዓት ብቻ። ሳንቲም ትከታለህ፣ የተፈቀደልህ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ ሲያልቅ ምልክት ይታያል። ፖሊሱ ጠመኔውን ጥሎ እያለፈ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መቁጠሩን ማሽኑ ወሰደለት።

የመጀመሪያው ሜትር ሐምሌ 16 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) ተተከለ። ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ብዙ አሽከርካሪ ተቆጣ፤ በራሳችን መንገድ ለመቆም እንዴት እንከፍላለን አሉ። (ልክ ናቸው እንዳልል፣ ያ መንገድ የነጋዴውም የእግረኛውም ነው።) ነጋዴዎቹ ግን ደንበኛ ሲመላለስ ስላዩ ወደዱት፤ ሜትሩ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአሜሪካ ከተሞችን አዳረሰ።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ዋጋው መንገዱ ጭር ሲልም ሲጨናነቅም ያው ነው። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ ዋጋው ከፍላጎቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይበል ያለው ገና በ1950ዎቹ ነበር። ያኔ ግን ስፕሪንጉ የትኛው ቦታ እንደተያዘ ማወቅ አይችልም። ሐሳቡ በሰፊው የተሞከረው በ2011 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው፤ አስፋልት ላይ የተቀበሩ ሴንሰሮች ክፍት ቦታውን እየቆጠሩ፣ ዋጋው በየመንገዱና በየሰዓቱ እየተለያየ። በተጨናነቀው መንገድ ዋጋ ሲጨመር፣ ባዶ በሚውለው ደግሞ ተቀንሷል።