ከነጋሪት እስከ ፒ10፦ ለሕዝብ የሚነገር ነገር ቃላት

ይሄኛው ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ አንብቡት።

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ በውስጥ መስመር አንድ ፕሮፎርማ ላከችልኝ። መሥሪያ ቤቷ በሩ ላይ “ዲጂታል ሳይኔጅ” ሊተክል ነው፣ እሷም የግዥ ኮሚቴ ውስጥ ገብታለች። ወረቀቱ ላይ ፒ10፣ ኒት፣ ፕሌየር፣ ኮንትሮለር፣ ሲኤምኤስ፣ አይፒ65 የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። “ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ እንዴት ልፈርም?” አለችኝ። አንዳንዶቻችሁ የታሪክ መምህር ስለ ስክሪን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ጥያቄዋን የታሪክ ጥያቄ አድርጌ ነው ያየሁት። ለሕዝብ የሚነገር ነገር በመጣበት ዘመን ሁሉ ዕቃው ከነቃሉ ነው የመጣው፤ ቃሉን ማን ያውቀው እንደነበር ደግሞ ማን ማንን ያዝ እንደነበር ይነግራል።

ከነጋሪት እንጀምር። ቃሉ ከግእዙ “ነገረ” የወጣ ነው፤ ነጋሪት ማለት የምትናገር ማለት ነው። ከበሮዋን ራሷን ነው ተናጋሪ ያደረጓት። ነጋሪት ሲጎሰም ገበያው ጸጥ ይላል፤ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፤ የሰማ ላልሰማ ያደርሳል። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአድዋን ክተት ያወጁት በዚህ መንገድ ነበር። እስቲ ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው፤ እዚህ ውስጥ ያለው አንድ ነገር አይደለም። ከቤተ መንግሥት የወጣው ቃል አለ። ቃሉን ይዞ ገበያ ድረስ የሚመጣው ሰው አለ። የሰውን ጆሮ የሚያስቆመው ከበሮ አለ። ከበሮው ቢቀደድ ቃሉ አይጠፋም፤ ሰውዬው መንገድ ላይ ቢታመም ግን ከበሮው ደህና ሆኖም ገበያው ምንም አይሰማም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ስክሪኑ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ከዚያ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም “ነጋሪት ጋዜጣ” ተባለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ፣ ስሙ ግን ከበሮ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ አዋጅ ጸና የሚባለው በነጋሪት ሲወጣ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ቋንቋው ራሱ የሚጠራው በአፍ ነው፤ ካፊ ኖኖ፣ የካፋ አፍ። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እስከተያዘበት እስከ 1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የካፋ መንግሥት ቃል የሚሄደው በአፍ ነበር፤ ማን እንዳለው፣ ማን እንዳመጣው ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሰማው። ከዚያ በኋላ የመጣው አስተዳደር አማርኛንና ወረቀትን ይዞ መጣ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ማንበብ የሚችል ሰው ከማይችለው በላይ ሆነ።

ወደ ሰሌዳ እንለፍ። “ሰሌዳ” የራሳችን ይመስላል አይደል? ከግሪክ ወደ ግእዝ የገባ ቃል ነው፤ ግሪኮች እስከ ዛሬ የመጽሐፍ ገጽን በዚሁ ቃል ይጠራሉ። “ታፔላ” ደግሞ ከጣሊያንኛው “ታቤላ” ነው፤ እንደ ጎማ፣ ፍሬኖና ፋብሪካ ሁሉ የጣሊያን ርዝራዥ። “ቢልቦርድ”፣ “ባነር”፣ “ስክሪን” ከእንግሊዝኛ መጡ። ከሁሉም ውስጥ ሙሉ በሙሉ የእኛ የሆነው “ማስታወቂያ” ነው፤ እሱ ደግሞ ዕቃውን አይደለም የሚናገረው፣ ሥራውን ነው። ደስ የሚለኝ ነገር ነው ይሄ። ዕቃውን በባዕድ ቃል ጠራነው፣ ሥራውን በራሳችን።

ታፔላ ብዙዎቻችን ያደግንበት ዘመን ነው። ቆርቆሮ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሠዓሊው በእርሳስ መስመር አስምሮ ፊደሉን በብሩሽ ይጽፋል። ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ካፊኖኖ በሰፊው ማንበቢያና መጻፊያ የሆነው በደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ የካፋና የሞቻ ቋንቋ አንዱ ነበር፣ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ላቲን ዞረ። ስለዚህ ዛሬ ቦንጋ መንገድ ላይ የምታዩት ታፔላ ሁለት ቋንቋ ብቻ አይደለም የተሸከመው፤ ሁለት ፊደል ነው። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ ቦንጋም የፖለቲካ መቀመጫው ስትሆን፣ ታፔላ ጻፊዎች እንደገና ሥራ በዛላቸው። አዲስ ክልል ሲመጣ ከወንበሩ ቀድሞ የሚቀየረው ታፔላው ነው።

ታፔላ ግን አንድ ችግር አለበት፤ አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ ነው። ይሄ ችግር አገራችን ውስጥ በግልጽ የታየው በእኛው በቡና ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምርና በዓመቱ ቡና ሲገባበት፣ ዋናው ሐሳብ ዋጋ የተደበቀ ነገር እንዳይሆን ነበር። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ ጫካ ውስጥ ቀይ እሸት የሚለቅመው ገበሬ የሚያውቀው ነጋዴው የነገረውን ነው። ዋጋ ደግሞ በየቀኑ፣ እንዲያውም በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ይህን በብሩሽ የሚጽፍ ሠዓሊ የለም። ስለዚህ በየክልሉ የገበያ ከተሞች የኤሌክትሮኒክ የዋጋ ማሳያ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ አዲስ አበባ ግብይቱ ላይ የተሰማው ዋጋ በርቀት ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ። ቦንጋ የምርት ገበያው የቡና መጋዘን ካለባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ ገበሬዎቻችን ለዚህ ነገር ሩቅ አልነበሩም።

ዲጂታል ሳይኔጅ የሚባለው በቃ ይሄ ነው። ቃሉ ከሩቅ የሚለወጥ፣ መሰላል የማያስፈልገው ታፔላ። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዜና መክፈት ዲጂታል ሳይኔጅ አይደለም።

አሁን ወደ ፕሮፎርማው። “ስክሪን” የሚለው ቃል ሁሉንም ውጦታል። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ስክሪኑ ተበላሸ እንላለን። ከነጋሪቱ ጋር አስተያዩት። ስክሪኑ ከበሮው ነው። “ፕሌየር” የሚባለው፣ ማጫወቻ ልንለው እንችላለን፣ ከስክሪኑ ኋላ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ቃሉን ይዞ የሚመጣው ሰውዬ እሷ ናት። “ኮንቴንት” ወይም ይዘት ቃሉ ነው። “ሲኤምኤስ” ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ነው፤ የትኛው መልእክት፣ በየትኛው ስክሪን፣ በስንት ሰዓት ይውጣ የሚለው የሚወሰንበት ሶፍትዌር። ስለዚህ ስክሪን ሲጠቁር የመጀመሪያው ጥያቄ “የትኛው ነው የቆመው?” ነው። ስክሪኑ በርቶ ምስል ከሌለ ማጫወቻዋን እዩ። ምስል ኖሮ የባለፈው ወር ማስታወቂያ ከሆነ ኔትወርኩን ወይም የሲኤምኤሱን ክፍያ እዩ። ብዙ ሲኤምኤስ በዓመት የሚከፈልበት ነው፤ ዓመቱ ሲሞላ የሚከፍል በጀት ካልተያዘ ስክሪኑ ደህና ሆኖ ድዳ ይሆናል። እኔ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ጠቁሮ ከርሞ በመጨረሻ ዙሪያውን የወረቀት ማስታወቂያ ለጠፉበት። ውድ የሆነ ጥቁር ሰሌዳ!

“ፒክስል” ነጥብ ነው፤ ብርሃን የምትሰጥ አንዲት ነጥብ። “ፒች” በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ፒ10 ማለት 10 ሚሊ ሜትር። የተለመደው የፒ10 ሞጁል 32 ሳንቲ ሜትር በ16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 32 ነጥብ ወደ ጎን፣ 16 ነጥብ ወደ ላይ። በግምት ፒች ሚሊ ሜትሩ ስንት ከሆነ ያን ያህል ሜትር ርቆ ማየት ነው፤ ፒ10ን ከ10 ሜትር ወዲያ። ለመንገድ ይሆናል፣ ለመስኮት አገልግሎት ግን አይሆንም።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ቁጥር የእኛን ስም ይነካል። “ካ” እና “ከ” የሚለያዩት በእግር ነው፤ የካ ቀኝ እግር ረዘም ይላል። በ16 ነጥብ ቁመት ውስጥ ያ እግር ስንት ነጥብ ያገኛል? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ከእነዚያ ነጥቦች አንዷ ከተቃጠለች፣ ወይም ፊደሉን ያዘጋጀው ሰው ቁመቱን ካሳነሰው፣ “ካፋ” የነበረው “ከፋ” ሆኖ ይነበባል። በአማርኛ ከፋ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። አገራችን በመንግሥት ወረቀት ሁሉ ሲጻፍ የኖረው እንደዚያ ነበር፤ ክፍለ ሀገሩም “ከፋ” ነው የተባለው። ካፋ ተብሎ እንዲጻፍ ሰው ስንት ጊዜ ተናግሮ፣ ታፔላው ስንት ጊዜ ታርሞ፣ አሁን ደግሞ በሁለት ነጥብ እጥረት ይመለስ?

የላቲን ፊደል ይሄን ያህል ነጥብ አይፈልግም፤ ሰባት ነጥብ ቁመት ይበቃዋል። ዕቃውን የሠሩት ሰዎችም ያንን አስበው ነው የሠሩት። የእኛ ፊደል ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ካፊኖኖ በላቲን ሲጻፍ አሥር ፊደል ነው፣ በግእዝ ፊደል አራት። ሦስት ሞጁል ጎን ለጎን ብታደርጉ 96 ነጥብ ስፋት ነው፣ ስድስት የግእዝ ፊደል ግድም ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያሳይ ሰሌዳ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁለት ሞጁል ወደ ላይ ደርቦ 32 ነጥብ ቁመት ይግዛ፣ አለዚያም ፒች ወደ ታች ይውረድ፤ ፒ5 ቢሆን በዚያው መጠን ውስጥ ነጥቡ አራት እጥፍ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ አዎ። ግን ስማችን ይነበባል።

“ፎንት” ሌላው ነው። የግእዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ ዛሬም በብዙ ቢሮ በእነሱ ይጻፋል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ “እንኳን ደህና መጣችሁ” የሚለው፣ ፎንቱ የሌላት ማጫወቻ ጋ ሲደርስ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን እንደ ምስል አድርጋችሁ ላኩት፣ ወይም በዩኒኮድ ጻፉት።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል፣ ከርዕሱ ብዙም አልርቅም። በየፋርማሲው በር ላይ የሚንሸራተተው ፊደል ለምን ቀይ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሚንሸራተት የብርሃን ጽሑፍ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሕንፃውን 14,800 አምፖል አልብሶ ዜና አሽከርክሯል። በዓይን የሚታየውን ኤልኢዲ ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ ግን ቀይ ነበር። ደማቅ ሰማያዊ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አልተገኘም፤ ያገኙት ሦስት ጃፓን ተወላጆች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። ሰማያዊ ከሌለ ነጭ የለም፣ ነጭ ከሌለ ፎቶና ቪዲዮ የለም። ፕሮፎርማ ላይ “ነጠላ ቀለም” እና “ሙሉ ቀለም” የሚለው የዋጋ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

“ኒት” የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው። የቤት ቴሌቪዥን ከ250 እስከ 400 ኒት ግድም ነው፤ ፀሐይ የሚመታው ሰሌዳ ግን 5,000 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቴሌቪዥን በረንዳ ላይ ሰቅለው ቀን ቀን ምንም የማይታያቸው ሰዎች ችግራቸው ይሄ ነው። “አይፒ65” ደግሞ ስድስቱ አቧራ አይገባም፣ አምስቱ የሚረጭ ውኃ አይገባም ማለት ነው። ዝናብ በማያጣን እዚህ አገር ይቺን ቁጥር ሳታዩ አትፈርሙ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማጫወቻዋ ሰው ሳይነካት ራሷ እንድትነሳም ጠይቁ።

“ሉፕ” ዙር ነው። 12 ማስታወቂያ እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢቆይ ዙሩ ሦስት ደቂቃ ነው። ሰሌዳው ፊት 20 ሜትር የሚራመድ ሰው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ታካሚ ግን አሥር ጊዜ ያያቸዋል። ለመንገድ ሦስት ማስታወቂያ በቂ ነው። አዋጅ ነጋሪው 12 ነገር በአንዴ አይናገርም ነበር።

ሕጉንም እንዳትረሱ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የኤሌክትሮኒክ ስክሪንን ከቢልቦርድ፣ ከባነርና ከፖስተር ጋር በውጭ ማስታወቂያነት አስቀምጦታል። የታተመውም በነጋሪት ነው፤ ከበሮዋ ስለ ስክሪን ተናገረች ማለት ነው።

ደካም ቦንጋም ያላችሁ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ካፊኖኖ በግእዝ ፊደል የተጻፈበት የዘመቻው ጊዜ ታፔላ፣ የቀበሌ ሰሌዳ ወይም መፈክር ፎቶ እየፈለግኩ ነው። አልበም ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይም ቢሆን፣ ካያችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የት እንደተነሣና በግምት በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ጻፉበት።