ባሕረ ሐሳብና የቀሪ ሒሳብ

ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ሲውል፣ ትንሣኤ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። ምክንያቱም የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት በ11 ቀን ያህል ስለሚበልጥ ነው። ትውፊት ቀመሩን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይናገራል፤ የቆመበት መሠረት ግን በጥንት ግሪኮች ዘንድም የታወቀው፣ 235 የጨረቃ ወራት የሚፈጸሙበት የ19 ዓመት ዑደት ነው።

ለምሳሌ 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5,500 ሲደመርበት 7,516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል። ይህ መደብ ነው፤ አንድ ሲቀነስለት 10 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ይወጣል። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ቀን ቅዳሜ ዋለ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲታከልበት 18 ስለሚሆን ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ቀን ገባ፤ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ትንሣኤ ሆነ።

ስሌቱ ከአራቱ መደበኛ የሒሳብ ስልቶች አያልፍም። ሆኖም ተማሪው ውጤቱን ከግድግዳ ካላንደር አንብቦ ብቻ ያልፋል። የአብነት ትምህርት ቤት በቃል ያቆየውን ይህን ቅርስ የሒሳብ መምህሩ ከነምክንያቱ ካላስረዳ፣ ቀመሩ ትርጉሙ የጠፋ የቁጥር ድርድር ሆኖ ይቀራል።