አስፕሪን የማን ነው?

አስፕሪን የሚለው ስም በበርሊን በንግድ ምልክትነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1899 ነው። «አ» አሴቲል ከሚለው ቃል፣ «ስፒር» ስፓይሪያ ከተባለ ተክል ስም ተወሰደ፤ «ኢን» የብዙዎቹ የዘመኑ መድኃኒቶች ማሳረጊያ ነበረች። ከዚያ በፊት የአኻያ ቅርፊት ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን በ1763 ለንዳድ እንደሚበጅ ጻፈ፤ በ1876 ደግሞ ሐኪሙ ማክላገን ከቅርፊቱ የሚወጣውን ሳሊሲን ለቁርጥማት በሽተኞቹ ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ከዚሁ ዘር የሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ ግን ጨጓራ ይልጥ ነበር።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የተለመደው ትረካ፣ የባየር ኩባንያ ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን ቁርጥማት ለሚያሠቃየው አባቱ ሲል ጨጓራ የማይጎዳውን መድኃኒት ፈለሰፈ ይላል። ኦገስት 10 ቀን 1897 በላቦራቶሪ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ የሆፍማን መሆኑ አያከራክርም። የአባትየው ታሪክ ግን በጽሑፍ ብቅ ያለው በ1934፣ ያውም በአንድ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው። ዘመኑ የናዚ ነው።

አርተር አይከንግሩን የሚባል ሌላ የባየር ኬሚስት ነበር፤ አይሁዳዊ ነው። በ1944፣ በ76 ዓመቱ፣ ወደ ቴሬዚንሽታት ማጎሪያ ተጋዘ። ከጦርነቱ ተርፎ በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሆፍማን የሠራው በእኔ ትእዛዝ ነው አለ። እንደሱ አባባል፣ የኩባንያው መድኃኒት ፈታሽ ሃይንሪሽ ድሬዘር ልብ ያደክማል ብሎ መድኃኒቱን ገፋው። አይከንግሩን በራሱ ላይ ሞከረው፤ ከዚያም በምስጢር ለበርሊን ሐኪሞች አስተላለፈ። ከተቀበሉት አንዱ የጥርስ ሐኪም ትኩሳት ላለበት ታካሚ ሲሰጠው፣ የጥርስ ሕመሙም ወዲያው ለቀቀው።

አይከንግሩን ጽሑፉ በታተመበት ወር አረፈ። በ2000 ስኮትላንዳዊው ተመራማሪ ዋልተር ስኒደር ሰነዶቹን መርምሮ ቃሉን ደገፈለት። ባየር አልተቀበለውም። የልጅና የአባት ታሪክ ልብ ይነካል፤ ሚዛን የሚደፋው ግን የሽማግሌው ቃል ነው።



ድሬዘር ለልብ የፈራው መድኃኒት ዛሬ በአነስተኛ መጠን የሚታዘዘው፣ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው ለነበሩ ሰዎች ነው። ጨጓራን ከመጉዳት ግን ዛሬም አልዳነምና፣ የጨጓራ ሕመም ያለብዎት አንባቢ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይዋጡት።