ሳይሰበር ያረጀ ቀፎ፦ የጁባ የእጅ ስልክ ታሪክ ምን ያስተምራል?

የእጅ ስልክ የሚያረጀው ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ወይም ባትሪው ሲደክም ነው ብሎ የሚያምን ሰው የጁባን ታሪክ ቢመረምር ሐሳቡን ይለውጣል። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ባለፉት ሃያ ዓመታት ደህናውን ቀፎ ከጥቅም ውጭ ሲያደርግ የኖረ አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የዕቃው መድከም ሳይሆን ሌላ ቦታ የተፈረመ፣ ወይም ሳይፈረም የቀረ ስምምነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰላሙ ነው። ጁባ ደቡቡ ከካርቱም ጋር በተዋጋበት ዘመን የካርቱም መንግሥት ጦር የሰፈረባት ከተማ ነበረች። የደቡቡ ነጻ አውጪ ጦር ደግሞ ሰፊውን ገጠር ይዞ ፊቱን ወደ ዩጋንዳና ወደ ኬንያ አዙሮ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 በናይሮቢ የተፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ሁለቱን ወገኖች ጁባ ላይ ሲያገናኝ ስልኩ ክፍፍላቸውን ወረሰ። ከሰሜን የመጣው ሞቢቴል፣ በኋላ ዘይን የተባለው፣ በሱዳን የአገር ኮድ በ249 ይሠራ ነበር። በደቡቡ ወገን የነበረው ጄምቴል ግን የዩጋንዳን ኮድ፣ 256ን፣ ተውሶ ነበር የሚያገናኘው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ነጋዴዎች ሲደዋወሉ በቴሌኮም ሕግ ዓይን ከሱዳን ወደ ዩጋንዳ እየደወሉ ነበር፤ ጥሪው ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገባም። ሁለቱም ኩባንያዎች የተከሉት ጂኤስኤም የተባለውን ያንኑ የኔትወርክ ዓይነት ነው፤ ቀፎውም ለሁለቱም እኩል ይሠራል። ያልተስማሙት መሣሪያዎቹ ሳይሆኑ የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ነበሩ። የጁባ ሰው መፍትሔውን በኪሱ ተሸከመው፤ ሁለትና ሦስት ቀፎ ይዞ መዞር ልማድ ሆነ። ሁለት ሲም የሚቀበሉ የቻይና ስልኮች ለእንዲህ ዓይነት ገበያ እንደተሰፋ ልብስ ልክ ነበሩ። ቴክኖን የመሰሉ ብራንዶች አፍሪካ ውስጥ ስም ያተረፉት በዚሁ ነው፤ ኖኪያ የመጀመሪያ ባለሁለት ሲም ቀፎውን ያስተዋወቀው ገና በ2010 ነበር። በአገሮች መካከል ላልተቋጨው ጉዳይ ዋጋ የከፈለው ቀፎ ገዢው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ 2011 ነው። ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ነጻነቷን አውጃ በአምስተኛው ቀን የተባበሩት መንግሥታት አባል ስትሆን፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 211 የሚለውን ኮድ ሰጣት። አንድም ቀፎ አልተቀየረም፣ አንድም ቺፕ አልተሻሻለም፤ ነገር ግን ትናንት የውጭ አገር ጥሪ የነበረው የአገር ውስጥ ጥሪ የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ። ለስድስት ዓመታት የቴክኒክ ችግር የመሰለው ነገር ቁልፉ ፊርማ እንደነበር ያን ጊዜ ታየ።

ስማርት ስልክ ሲመጣ ይኸው ታሪክ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። ዲሴምበር 2013 የተቀሰቀሰው ጦርነት ቤተሰብን በጁባ፣ በዩጋንዳና በጋምቤላ የስደተኛ መጠለያዎች ሲበትን ዋትስአፕን የመሰለ መተግበሪያ የዘመድ ድምፅ መስሚያ ነበር። ጦርነቱ ሳይበርድ፣ ጁን 30 ቀን 2017፣ ዋትስአፕ ሲምቢያን ኤስ 60 የተባለውን የኖኪያ ስርዓተ ክወና መደገፍ አቆመ። ሌላው የኖኪያ ስርዓት ኤስ 40 በ2018 መጨረሻ ተከተለ፤ በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ የቆዩት የአንድሮይድ ስሪቶች ተራ ደረሰ። የኖኪያው ባለቤት አዲስ ስርዓት ልጫን ቢል እንኳ መንገድ አልነበረውም። ስርዓተ ክወና ከቺፑ ጋር የሚነጋገረው የቺፑ ሠሪ በሚያዘጋጀው አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው፤ ሠሪው ለአሮጌ ቺፕ አዲስ አስተርጓሚ ካልጻፈ ቀፎው ባለበት ይቀራል። ጉግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ትሬብል የሚባለውን አሠራር ያመጣው የቺፑንና የስርዓቱን ሥራ ለይቶ ይህን ቋጠሮ ለማላላት ነበር። ችግሩ የተፈጥሮ ሕግ ቢሆን ኖሮ በአሠራር ለውጥ ሊቀል ባልቻለ ነበር። አማርኛ አንባቢም ይህን ከራሱ ፊደል ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በብዙ ቀፎዎች ላይ የአማርኛ መልእክት ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ስክሪኑ ፊደሉን ማሳየት አቅቶት አይደለም፤ በስርዓቱ ውስጥ ፊደሉን ያስገባ ስላልነበረ ነው።

ይህን ሁሉ ድህነት ነው የሚል ይኖራል፤ ጁባ ርካሽና ያገለገለ ቀፎ ስለምትገዛ ቶሎ ያረጅባታል ይላል። ድህነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድህነት የሚያስረዳው ጉዳቱ ለምን ጁባ ላይ እንደበረታ እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም። ድጋፍ ሲቋረጥ ለለንደኑም ለጁባውም ኖኪያ በአንድ ቀን ተቋርጧል። የሚከብደው ሌላ ክርክር ነው፦ የጥበቃ ማሻሻያ የማይደርሰው ስርዓት ለሌባ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ አሮጌውን መተው ግድ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ በተለይ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሲሆን። ጁባም ከ2019 ጀምሮ ኤም-ጉሩሽ የተባለ የሞባይል ገንዘብ አላት፤ ጉሩሽ በጁባ ዓረብኛ ገንዘብ ማለት ነው። ነገር ግን ክርክሩ አሮጌው ይጠበቅ ወይስ ይጣል ከሆነ፣ የመጠበቅ ግዴታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተዘሏል። ቀፎውን የሸጠው ለስንት ዓመት ማሻሻያ እንደሚልክለት በሽያጩ ቀን ቢናገር ገዢው የሚገዛው ዕቃ እድሜ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያውቀው ሲቋረጥበት ነው።

ማርች 2018 የደቡብ ሱዳን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ቪቫሴል የተባለውን የስልክ ኩባንያ በፈቃድ ክፍያ ምክንያት ሲያግድ በደንበኞቹ እጅ የነበረው ቀፎ እንደ ትናንቱ ይበራ ነበር፤ የጠፋው ቁጥሩ ነው። ከ249 እስከ ኤስ 60፣ ከኤስ 60 እስከ ቪቫሴል የጁባ ሰው በየጊዜው ያጣው በገዛ እጁ ያለውን ሳይሆን ማንም ሳያማክረው የተወሰነውን ነው። ስለዚህ ለዚህች ከተማ የሚበጀው ከፈጣኑ ቀፎ ይልቅ የውሉ ዘመን የታወቀ ቀፎ ነው። የእድሜውን ልክ የሚወስነው ስምምነት ከሆነ፣ በስምምነቱ ላይ ቀፎውን የያዘው ሰውም ድምፅ ሊኖረው ይገባል።