የሬምቦ ደመወዝና የአንኮበር መንገድ

ባለቅኔው አርተር ሬምቦ ግጥምን ከተወ ከዓመታት በኋላ በኤደን የባርዴ የቡና ንግድ ቤት ተቀጥሮ ይኖር ነበር። በ1877 ዓ.ም. የተዋዋለው ደመወዝ በወር 150 ሩፒ ነው፤ ለስደተኛ ክፉ እንጀራ አልነበረም። እርሱ ግን አሠሪዎቹን ንፉጎች አላቸው። 1878 ዓ.ም. እንደገባ ሥራውን ጥሎ፥ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያቀርብ ከነጋዴው ላባቱ ጋር ተሻረከ።

ላባቱ ታሞ አገሩ ገባና ሞተ። ሬምቦ ብቻውን ከ2,000 በላይ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጥር 30 ቀን 1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን አልነበሩም፤ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ተከትሏቸው እንጦጦ ወጣ።

የዋጋው ክርክር እዚያ ሆነ። ከድል የተመለሰ ገዢ ምን ያስቸኩለዋል? ምኒልክ ጠመንጃውን በጅምላ ቆርጠው ወሰዱ፤ ከዚያም ላይ የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፤ የቀረውንም ሐረር ላሉት ለደጃዝማች መኰንን በጻፉት ደብዳቤ እንዲቀበል አደረጉ።

የላባቱ መበለት፥ አገሬዋ ሴት፥ ድርሻዬን አለች። ሬምቦ ሟቹ የተዋቸውን ሠላሳ አራት የማስታወሻ ደብተሮች፥ እርሷ እየረገመችው፥ እሳት ውስጥ ጣላቸው። የንብረት ሰነዶች በመካከላቸው እንደነበሩ የተነገረው ከተቃጠሉ በኋላ ነው። ከጠፋው ብር ሁሉ ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ባለቅኔ የሰው ጽሑፍ ሲያቃጥል!

በ1880 ዓ.ም. ሐረር ተመልሶ በራሱ ስም ንግድ ቤት ከፈተ።