የአንድ ቤት ልዩ ልዩ ልብ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ገበሬ አንዱን ዘር በአንድ ቀን ቢዘራ፥ ጥልቅ አፈር ያለው እርሻው ሲያሸት ድንጋያማው ጫፍ ቢጫ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃልና፥ በወንጌል የተነገረውን የዘሪውን ምሳሌ ለማስተዋል መምህር አያሻውም። ነገር ግን ከአንድ ማኅፀን ወጥተው በአንድ ማእድ ያደጉ ወንድማማቾች አንዱን ስብከት ሰምተው ሲለያዩ፥ ምሥጢሩ በአፈሩ ልዩነት ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። ይህንንም ከዐፄ ሱስንዮስ ቤት ይልቅ አጕልቶ የሚያሳይ በታሪካችን አላገኘሁም፤ የዚያ ቤት ክርክርም ከፊሉ በዚሁ በጎጃምና በዳሞት ምድር በደም የተጻፈ ነው።

በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው፥ በ1610 ዓ.ም. ደግሞ በሰከላ የዓባይን ምንጭ ያየው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ፥ ቋንቋችንን ተምሮ በትዕግሥት የሚያስተምር ሰው ነበር። ትምህርቱም ለሰሚው ሁሉ አንድ ነበር፤ በክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለ፥ የሮሜ ጳጳስም የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው የሚል። የንጉሡ ወንድም፥ የጎጃሙ ገዥ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ከንጉሡ ቀድሞ ተቀበለው። ሌላው ወንድማቸው የማነ ክርስቶስ ግን ያንኑ ቃል የአባቶችን ሃይማኖት እንደ መካድ ቆጥሮ፥ በ1609 ዓ.ም. የንጉሡን ልጅ ካገባው ከዩልዮስ ጋር ወገነ፤ ዩልዮስም፥ ትምህርቱን ያወገዙት አቡነ ስምዖንም በዚያው ጦርነት ወደቁ። ገድሏ እንደሚነግረን፥ ወለተ ጴጥሮስ ባሏ መልክአ ክርስቶስ የእኒህን ጳጳስ ልብስ ይዞ መመለሱን በሰማች ጊዜ፥ ከንጉሡ ባለሟል ጋር አንድ አልጋ መጋራትን ተጸይፋ ትዳሯን ትታ መነኰሰች።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን የዳሞት ሰው ነው። ሊቃውንቱ ስለ ባሕርይ ሲከራከሩ ዝም ብሎ የኖረው ባላገር፥ የቅዳሜ ሰንበት ይሻር በተባለ ጊዜ በራስ ስዕለ ክርስቶስ ላይ ተነሣ፤ መነኮሳትም ከጭፍራው ጋር ተሰልፈው ሞቱ። ይህን አለማወቅ የሚሉት ይሳሳታሉ። ለእርሱ ሃይማኖት ማለት በሬው ከቀንበር የሚፈታበት፥ እናቱ ያስለመደችው፥ የሙታኑም ተዝካር የሚታሰብበት የዕለታት ሥርዐት ነበርና፥ ስብከቱ ጆሮው የደረሰው በክርክር ሳይሆን ከቤቱ አንድ ምሰሶ ሲነቀል ነው። ራስ ስዕለ ክርስቶስ ግን በመጻሕፍት ሙግት ስለ ተረታ፥ የባላገሩን ኀዘን ሊሰማው የሚችልበት ጆሮ አልነበረውም።

ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮሜን እምነት መቀበሉን በግልጥ አወጀ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. መጥቶ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት ይቀበሉ ባለ ጊዜ፥ ፓኤዝ በልዝብ ቃል የሠራው ሁሉ ፈረሰ። ከብዙ እልቂት በኋላ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወለት። ሕዝቡ እልል ሲል ስዕለ ክርስቶስ ግን፥ ለወንድሙ ብሎ የተቀበለው እምነት እንዳልነበረ አሳየ፤ የወንድሙ ልጅ ካደው ቢለው አልክድም ብሎ ግዞትን መረጠ።

በ1625 ዓ.ም. መግቢያ ሱስንዮስ ሲያርፍ፥ ተዋሕዶን የመለሰው ፋሲለደስ የአባቱን ሬሳ በታላቅ ክብር ወደ አዘዞ አስወስዶ፥ አባቱ በኢየሱሳውያን ዘመን ባሠራት በገነተ ኢየሱስ ቀበረው።