የሕፃናት ሥዕል አያያዝ፦ ከማኅደር እስከ መማሪያ ክፍል

አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ በመስከረም የሳለው ቤትና በሰኔ የሳለው ቤት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የእጁ መጽናትና የአስተውሎቱ መዳበር በግልጽ ይታያል። ይህ ማነጻጸር የሚቻለው ግን የመስከረሙ ሥዕል እስከ ሰኔ ከቆየ ነው። ስለሆነም የሥዕል አቀማመጥ ጉዳይ ከክፍል ጽዳት አልፎ የትምህርት ምዘናን የሚነካ ነው።

በአገራችን ጽሑፍንና ሥዕልን ጠብቆ የማቆየት ልማድ ጥንታዊ ነው። በገዳማትና በአድባራት የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ይከተታል፤ ማኅደሩም በማንገቻው ከግድግዳ ኩላብ ላይ ይሰቀላል። በዚህ ቀላል ዘዴ መጽሐፉ ከወለል እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ይጠበቃል።

የሕፃናት ሥዕል ራሱን የቻለ ዋጋ እንዳለው በቀዳሚነት ካስተማሩት አንዱ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. በቪየና ለሕፃናት የሥዕል ክፍል የከፈተው ፍራንዝ ቺዜክ ነው። ከእርሱ ዘንድ የተማረችው ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ፣ ናዚዎች አይሁድን ባጎሩበት በቴሬዚን ከ1942 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለታጎሩት ሕፃናት ሥዕል አስተማረች። ተማሪዎቿም በሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ስትገደል፣ ሥዕሎቹ በሁለት ሻንጣዎች ተይዘው ቀሩ። ዛሬ 4,500 ያህሉ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ከሳሉት ሕፃናት አብዛኞቹ አልተረፉም፤ የብዙዎቹ ስም ግን ከሥራቸው ጋር ተርፏል። ከዚህ የምንረዳው የጥበቃ የመጀመሪያው ተግባር ስምና ቀን መጻፍ መሆኑን ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ካስገባ ወዲህ፣ በየጊዜው የተሠራውን ሥራ ማቆየት የመምህሩ የዘወትር ተግባር ሆኗል። ይሁንና በኢሉባቦር፣ በመቱ ዙሪያ ባሉት ከተሞችና በኖፓ፣ ይህ ተግባር ከአየሩ ጠባይ ጋር መታገልን ይጠይቃል። ዝናቡ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ዓመታዊ መጠኑም በብዙ ሥፍራ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የከረመ ወይም ወለል ላይ የተቆለለ ወረቀት ይሻግታል፤ የሕፃኑም የዓመት ጉዞ መነሻ አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ከአካባቢው አይርቅም። ሥዕሉ በተዘረጋ ሲባጎ ላይ በሚገባ ይድረቅ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከታጠፈ ካርቶን ስሙ የተጻፈበት ማኅደር ይዘጋጅ፤ ይህም በኩላብ ላይ ይሰቀል፣ ወይም ከወለልና ከግድግዳ በራቀ የቀርከሃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሁሉንም ማቆየት ስለማይቻል፣ ተማሪው ከመምህሩ ጋር በየወሩ አንድ ሥራ ይምረጥ፤ የቀረውን ለወላጆቹ ይውሰድ። የጭቃ ቅርጾች ወረቀቱን እንዳያረጥቡ ለብቻቸው ይቀመጡ።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የመማሪያ ክፍል ሲነደፍ ከጥቁር ሰሌዳውና ከዴስኩ ጋር ደረቅ መደርደሪያን ሊያስቡበት ይገባል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ በሰኔ ወር ግን መምህሩ፣ ወላጁና ተማሪው ራሱ የዓመቱን ጉዞ በዓይናቸው ሊያዩ ይችላሉ።